ፔሮሉን የሚፈርመው ማን ነው? ፖለቲከኞች ከቅስቀሳ ሠራተኞቻቸው ጋር ስለሚኖራቸው የግል ግንኙነት

በጎንደር ከተማ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደር አንድ ዕጩ እናስብ። ምሳሌ ነውና ስም አያስፈልገውም። ፓርቲው ከፒያሳ ወረድ ብሎ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቶለታል፤ በአንደኛው ክፍል ፖስተርና ሞንታርቦ ተከምሯል፣ በሌላኛው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ላፕቶፕና ከጠዋት እስከ ማታ ከከሰል የማይወርድ ጀበና አለ። ለሦስት ወር የተቀጠሩ ስድስት ሰዎች ይሠሩበታል፤ ሾፌር፣ ሒሳብ ያዥ፣ ሁለት ቀስቃሾች፣ የፌስቡክና የቴሌግራም ገጹን የሚከታተል ልጅ፣ እንዲሁም የዕጩውን መርሐ ግብር የምትይዝ፣ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ዓመት ከመንፈቅ ሥራ ስትፈልግ የቆየች አንዲት ወጣት። ሁለተኛው ወር ሲጋመስ ዕጩውና መርሐ ግብር ያዧ እንደሚዋደዱ ቢሮው በሙሉ ያውቃል። አፍ አውጥቶ የተናገረ የለም፤ ሾፌሩ ግን ከአዘዞ ሲመለሱ የፊት ወንበር የማን እንደሆነ መጠየቅ ትቷል።

እንዲህ ያለ ነገር ቡና ላይ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ «ባለትዳር ነው ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ከንቱ አይደለም፤ የሚመለከታቸው ግን በመጀመሪያ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ የነፍስ አባቱ፣ ምናልባትም የሰፈሩ ሽማግሌዎች ናቸው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ እንኳ በአንቀጽ 652 አመንዝራነትን ወንጀል ቢያደርግም፣ ክሱ የሚንቀሳቀሰው የተበደለው የትዳር ጓደኛ አቤቱታ ሲያቀርብ ነው፤ ማለትም ሕጉ ራሱ ጉዳዩን በቅድሚያ የቤት ጉዳይ አድርጎ ይመለከተዋል። የዚህ ማብራሪያ ጥያቄ ከዚህ የተለየ ነው። ሁለቱም ያላገቡ፣ ሁለቱም ከልባቸው የሚዋደዱ ቢሆኑም እንኳ ሳይመለስ የሚቀር ጥያቄ ነው፤ የልጅቷን ፔሮል የሚፈርመው ማን ነው? ገንዘቡስ የማን ነው?

ከፈቃድ እንጀምር። የአንድ ሰው «እሺታ» የሚመዘነው «እምቢ» ቢል ኖሮ ምን ያጣ እንደነበር በማየት ነው። በምሳሌያችን ያለችው ወጣት «እምቢ» ብትል የምታጣው የሦስት ወር ደመወዝ ብቻ አይደለም። ከዓመት ከመንፈቅ ፍለጋ በኋላ ያገኘችውን የመጀመሪያ ሥራዋን፣ ለሚቀጥለው ቅጥር የምታሳየውን የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ ዕጩው ካሸነፈ በቢሮው ወይም በከተማው አስተዳደር ልታገኝ የምትችለውን ቦታ ሁሉ አደጋ ላይ እንደጣለች ሊሰማት ይችላል። ዕጩው አንድም ጊዜ አላስፈራራትም እንበል፤ እንዲያውም ጨዋ ሰው ነው እንበል። ስጋቱ ግን እርሱ ባይናገረውም በደመወዝ ወረቀቱ ላይ አለ። ከዚህም የሚከብደው ነገር፣ የተሰጠው «እሺታ» ነጻ መሆን አለመሆኑን ከሁሉ በላይ ማወቅ የማይችለው ሰው ራሱ አለቃው መሆኑ ነው፤ ምክንያቱም የበታች ሠራተኛ በአለቃ ፊት የሚስቅበትና ዝም የሚልበት ምክንያት ብዙ ነው፣ አለቃ ደግሞ ሳቁን ሁሉ ለራሱ መቁጠር ይቀናዋል። «ከእርሷ ፈቃድ ውጭ ምንም አላደረግሁም» የሚለው መከላከያ ከልብ የመነጨ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ተናጋሪው ሊመሰክርበት በማይችለው ነገር ላይ የተሰጠ ምስክርነት ነው። ዕጩዋ ሴት፣ ሠራተኛው ወንድ ቢሆን ይህ ሁሉ ሳይለወጥ እንዳለ ይቆማል።

ይህ ችግር በማንኛውም መሥሪያ ቤት ያለ ነው ሊባል ይችላል፤ እውነትም ነው። የምርጫ ዘመቻ ግን ችግሩን የሚያባብሱ የራሱ ጠባዮች አሉት። ቅጥሩ አጭር ነው፣ ብዙ ጊዜም በቃል የሚፈጸም ነው። ቋሚ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል፣ የሥነ ምግባር መኮንን፣ ቢያንስ የበላይ አለቃ አለው፤ በሁለት ክፍል የዘመቻ ቢሮ ውስጥ ግን ከዕጩው በላይ ሰው የለም። ሥራው ሰዓት አይታወቅለትም፤ የፓርቲው ስብሰባ ቆላድባ ወይም አምባ ጊዮርጊስ ከሆነ መመለሻው ማታ ነው፣ መኪናው አንድ ነው፣ እራቱም አብሮ ነው። ከደመወዝ ተቀጣሪው ጎን በነጻ የሚያገለግሉ ወጣቶችም አሉ፤ እነዚህ ከውሎ አበል በስተቀር ምንም የማያገኙ፣ ውልም የሌላቸው፣ ነገር ግን ነገ ይቀጠራሉ ተብለው የሚጠብቁ ናቸው፤ የእነርሱ ጥገኝነት ከደመወዝተኛው ቢብስ እንጂ አያንስም።

ከሁሉ የሚብሰው የታማኝነት ጉዳይ ነው። በዘመቻ ወቅት ቢሮው ራሱን እንደ ጦር ሰፈር ይቆጥራል፤ ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቅሬታ የሚያነሣ ሰው ለተቀናቃኝ መሣሪያ እንዳቀበለ ይታያል። አንዲት ሠራተኛ «ይህ ነገር አልተመቸኝም» ብትል የምታገኘው መልስ በአመዛኙ «ምርጫው ይለፍና እንነጋገራለን» የሚል ነው። ምርጫው ሲያልፍ ደግሞ ቢሮው የለም፤ ቤቱ ተለቅቋል፣ ሠራተኛው ተበትኗል፣ የሚነጋገር ሰውም አይገኝም።

ሌሎቹ ሠራተኞችም አሉ። ሒሳብ ያዡ ከመርሐ ግብር ያዧ የመጣ ደረሰኝ ሲጎድለው «አልቀበልም» ለማለት ሁለት ጊዜ ያስባል። ቀስቃሾቹ ሐሳባቸውን ለዕጩው በቀጥታ ከመንገር ይልቅ በእርሷ በኩል ማሳለፍ ይጀምራሉ፣ ስለ እርሷ የሚያስቡትንም ይደብቃሉ። እርሷ በችሎታዋ ያገኘችው ምስጋና ቢኖር እንኳ ማንም እንደ ችሎታ አይቆጥርላትም፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ በላይ ለእርሷ በደል ነው።

ጎንደር ለዚህ የመጨረሻው ነጥብ የቆየ ማስታወሻ አላት። አፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እቴጌ ምንትዋብ ሕፃኑን ልጃቸውን ኢያሱን አንግሠው አገሪቱን በእንደራሴነት ሲመሩ፣ የሟቹ ንጉሥ የቅርብ ዘመድ ከሆነው ግራዝማች ኢያሱ ጋር ኖረው ሦስት ሴቶች ልጆች ወልደዋል። ይህ ሰው በታሪክ የሚታወቀው በማዕረጉ ወይም በሥራው ሳይሆን «ምልምል ኢያሱ» በሚለው ስላቅ ባዘለ ቅጽል ነው። ቤተ መንግሥትና የምርጫ ቢሮ አንድ አይደሉም፣ ግራዝማቹም ደመወዝተኛ አልነበረም። ነገር ግን ቅጽሉ የተለጠፈው በማን ላይ እንደሆነ ልብ ማለት ይጠቅማል፤ ሥልጣኑ የነበረው በእቴጌዪቱ እጅ ነው፣ ስሙ የወጣው ግን ለኢያሱ ነው። ዛሬም እንዲህ ያለ ወሬ በከተማ ሲዛመት የፖለቲከኛው ስም ከፓርቲው ጋር ይጠራል፣ የሠራተኛዋ ስም ግን ከእርሱ ጋር ብቻ ይጠራል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንሂድ፤ በሌሎች አገሮች ጉዳዩ ከሐሜት ወደ ሕግ የተሻገረው ብዙ ጊዜ በዚህ በር ነውና። የአሜሪካው ጆን ኤድዋርድስ የሰሜን ካሮላይና ሴናተር የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ለምክትል ፕሬዚዳንትነት፣ ለ2008ቱ ምርጫ ደግሞ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረ ሰው ነው። ስለ ዘመቻው አጫጭር ቪዲዮዎችን እንድትሠራ ከተቀጠረች ሴት ጋር ግንኙነት ነበረው፤ እርሱን የሚደግፈው የፖለቲካ ኮሚቴም ለቪዲዮዎቹ ከ100,000 ዶላር በላይ ከፍሏል። ኤድዋርድስ ግንኙነቱን በነሐሴ 2008 እ.ኤ.አ. አመነ። በመካከሉ ሁለት ባለጸጋ ደጋፊዎች ሴትዮዋንና ከኤድዋርድስ ያረገዘችው ልጅ አባት እኔ ነኝ ብሎ በሐሰት የቆመላትን ሌላ የዘመቻ ሠራተኛ ከጋዜጠኞች ዓይን ለማራቅ ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ አውጥተው ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ስላሉ ለይቶ ማየት ያሻል። የመጀመሪያው የቪዲዮዎቹ ዋጋ ነው። ቪዲዮዎቹ ተሠርተዋል፣ ለሕዝብም ቀርበዋል፤ ስለዚህ ክፍያው ሙሉ በሙሉ የሐሰት ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ዋጋው የተቆረጠው በሥራው ነው ወይስ በግንኙነቱ? ለዘመቻው አሥር ወይም ሃያ ዶላር የላከ ተራ ደጋፊ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሁለተኛው ጥያቄ የመሸሸጊያው ገንዘብ ነው። በዚያ ምርጫ አንድ ግለሰብ ለአንድ ዕጩ በአንድ ዙር ሊሰጥ የሚችለው ቢበዛ 2,300 ዶላር ነበር። አቃቤ ሕግ «ሚሊዮኑ የወጣው ዕጩነቱን ለማዳን ስለሆነ የዘመቻ መዋጮ ነው» አለ፤ ተከሳሹ ደግሞ «የወጣው ትዳሬን ለማዳን ስለሆነ የግል ስጦታ ነው» የሚል ክርክር አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2011 በስድስት ክሶች ተከሶ፣ በ2012 ዳኞቹ በአንዱ ነጻ ሲያወጡት በቀሩት አምስቱ መስማማት አቃታቸው፤ መንግሥትም ጉዳዩን ዳግመኛ ለፍርድ ሳያቀርብ ተወው። ሕግ የሰውን ልብ መርምሮ የገንዘብን ዓላማ ለመለየት ሲሞክር ምን ያህል እንደሚቸገር ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

የአሜሪካ የምርጫ ገንዘብ ሕግ እንዲህ ላለው ጉዳይ ያበጀው መለኪያ ቀላልና ለእኛም የሚገባ ነው። ዘመቻው ባይኖርም ኖሮ ይኖር የነበረ ወጪ የግል ወጪ ነው፤ በዘመቻ ገንዘብ ሊሸፈን አይችልም። የዕጩ ቤተሰብ አባል ከዘመቻው ደመወዝ ማግኘት የሚችለው በእውነት ለሠራው ሥራ፣ ያውም ሌላ ሰው ለዚያው ሥራ በገበያ ከሚከፈለው ሳይበልጥ ነው። ምሳሌያችን ላይ ብናውለው፣ መርሐ ግብር ያዧ የምትሠራው ሥራ ለሌላ ሰው ቢሰጥ ስንት ይከፈልበት ነበር? ከግንኙነቱ በኋላ ደመወዟ ወይም አበሏ ከፍ ብሎ ከሆነ ማን ወሰነው? እነዚህ ጥያቄዎች ማንም ሰው መኝታ ቤት ሳይገባ በደረሰኝና በፔሮል ሊመልሳቸው የሚችል ናቸው።

የኔቫዳው ሴናተር ጆን ኤንሲን ታሪክ ሌላ ገጽታ ያሳያል፤ ይኸውም ግንኙነቱ ሲያበቃ የሚሆነውን። እርሱ ግንኙነት የነበረው የዘመቻው ገንዘብ ያዥ ከነበረች ሴት ጋር ነው፤ ባሏ ደግሞ በሴናተሩ ቢሮ ውስጥ ከፍተኛ ሠራተኛና የቤተሰብ ወዳጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ባልና ሚስቱ ሁለቱም ሥራቸውን ለቀቁ፣ የሴናተሩ ወላጆችም ለባል፣ ለሚስትና ለልጆቻቸው በጠቅላላው 96,000 ዶላር ሰጡ። ቼኮቹ የ12,000 ዶላር ነበሩ፤ ይህ በዚያ ዓመት አንድ ሰው ለሌላው ግብር የማስታወቅ ግዴታ ሳይኖርበት ሊሰጠው የሚችለው የስጦታ ጣሪያ ነው። ስጦታ ነው ወይስ ከሥራ ለተሰናበተች የዘመቻ ሠራተኛ በሌላ ስም የተከፈለ የስንብት ክፍያ? የስንብት ክፍያ ከሆነ በዘመቻው ሒሳብ መመዝገብ ነበረበት። የሴኔቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ምርመራውን ሳይጨርስ ኤንሲን በግንቦት 2011 እ.ኤ.አ. ከሴኔት ለቀቀ። እኔን በዚህ ታሪክ የሚያስገርመኝ የገንዘቡ መጠን አይደለም፤ ግንኙነቱ ሲያበቃ ሥራ ያጡት ሁለቱ ተቀጣሪዎች ሲሆኑ፣ ሴናተሩ ግን ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል በወንበሩ ላይ መቆየቱ ነው።

ከእነዚህና ከመሰል ጉዳዮች በኋላ ምክር ቤቶች ደንብ ወደ መጻፍ ሄዱ። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት በየካቲት 2018 እ.ኤ.አ. አባላቱ በሥራቸው ከሚያሠሯቸው የምክር ቤት ሠራተኞች ጋር የወሲብ ግንኙነት እንዳይኖራቸው ከለከለ። ክልከላው ፈቃደኝነትን አይጠይቅም፤ «ተስማምተን ነው» ማለት አያድንም። ቀዳዳው ግን ወዲያው ታየ። ደንቡ የሚናገረው ስለ ምክር ቤት ሠራተኞች ነው፤ የዘመቻ ሠራተኛ የሚከፈለው ከዘመቻ ገንዘብ ስለሆነ በዚህ አይሸፈንም። በ2019 የካሊፎርኒያዋ ተመራጭ ኬቲ ሂል ከዘመቻ ሠራተኛ ጋር ግንኙነት እንደነበራት አምና፣ ከምክር ቤት ሠራተኛ ጋር ነበራት የተባለውን ግን ክዳ ከሥልጣን ስትለቅ፣ ልዩነቱ በግልጽ ወጣ፤ ያመነችው ደንቡ የማይነካውን፣ የካደችው ደንቡ የሚከለክለውን ነበር። የአገሪቱ የፌዴራል የሥራ ቦታ አድልዎ ሕግም የሚመለከተው 15 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ቀጣሪ ስለሆነ፣ ብዙ ትንንሽ ዘመቻዎች ከመረቡ ውጭ ይቀራሉ። ስድስት ሠራተኛ ያለው የእኛ የፒያሳ ቢሮ አሜሪካ ውስጥ ቢሆን ኖሮ በዚያ ሕግ አይታይም ነበር ማለት ነው።

አውስትራሊያም በዚያው በየካቲት 2018 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ እርምጃ ወስዳለች። ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባርናቢ ጆይስ ከቀድሞ የሚዲያ አማካሪው ጋር ያለው ግንኙነት ሲታወቅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ማልኮም ተርንቡል ሚኒስትሮች ያገቡም ሆኑ ያላገቡ ከሠራተኞቻቸው ጋር እንዳይተኙ በሚኒስትሮች የሥነ ምግባር መመሪያ ውስጥ አስገቡ፤ ጆይስም በዚያው የካቲት ከኃላፊነቱ ወረደ። ከዚያ በፊት የነበረው መመሪያ ይከለክል የነበረው የሚኒስትርን የትዳር ወይም የኑሮ አጋር ያለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፈቃድ በሚኒስትር ቢሮ መቅጠርን ነው። አማካሪዋ ወደ ሌሎች ፖለቲከኞች ቢሮ ተዛውራ ስለነበር ክርክሩ ሁሉ «አጋር» በሚለው አንድ ቃል ላይ ወደቀ፤ አጋርነት የሚጀምረው ከስንተኛው ወር ነው? አብሮ ሲኖሩ ነው? ልጅ ሲረገዝ ነው? ደንብ ጻፊዎች ግንኙነትን በስሙ ለመያዝ ሲሞክሩ ሰው ስሙን እየለወጠ ያመልጣል። አዲሱ መመሪያ ብዙ ቢያስቅም፣ የያዘው ስምን ሳይሆን ድርጊትን ስለሆነ ቢያንስ ከዚህ ክርክር ያድናል።

በእኛ አገር የሚሠራው የትኛው ሕግ ነው? የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ፓርቲዎች የሒሳብ መዝገብ እንዲይዙ፣ በኦዲተር እንዲያስመረምሩና ለብሔራዊ ምርጫ ቦርድ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። የሥነ ምግባር ክፍሉ በዋናነት የሚመለከተው ፓርቲዎች እርስ በርሳቸው፣ ከመራጩና ከቦርዱ ጋር ያላቸውን ግንኙነት ነው፤ በቢሮው ግድግዳ ውስጥ ላለው ነገር ሌሎች ሕጎችን ማየት ያስፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጾታዊ ትንኮሳንና ጾታዊ ጥቃትን በሥራ ቦታ ከልክሏል፤ አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ይህን ከፈጸመባት ሠራተኛዋ ማስጠንቀቂያ ሳትሰጥ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች፣ ስትለቅም ባዶ እጇን አትሄድም። ይኸው አዋጅ የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር በፊርማው አረጋግጦ እንዲሰጥ ያዛል፤ ለሦስት ወር በቃል የተቀጠረ የዘመቻ ሠራተኛ ይህን ወረቀት ቢጠይቅ መብቱ ነው፣ አሠሪዬ ማን ነው ለሚለው ጥያቄም የመጀመሪያ ማስረጃው ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ጉዳዩን የሚነካው ግን ብዙ ሰው የማያነሣው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 625 ነው። አንቀጹ ከአስገድዶ መድፈር የተለየ ነው፤ የሴትን ችግር፣ ወይም በአሠሪነት፣ በመምህርነት፣ በአሳዳሪነትና በመሳሰለው ግንኙነት በእርሷ ላይ ያለን ሥልጣን መጠቀሚያ አድርጎ ከእርሷ ጋር ግብረ ሥጋ የፈጸመ ሰው በእርሷ አቤቱታ በቀላል እሥራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ይህ ማለት ሕጋችን «እሺ» ተብሎም በደል ሊኖር እንደሚችል ከሃያ ዓመት በፊት አውቆ ነበር። ድካሙ የሚመጣው በማስረጃው ነው፤ ሥልጣኑ መኖሩን ማሳየት አይከብድም፣ ሥልጣኑ መጠቀሚያ መደረጉን ማሳየት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ወደሚያውቁት ነገር ይመልሰናል። በእኛ አገር ሌላም እንቅፋት አለ። ዘመቻው የፓርቲው እንጂ የዕጩው የግል ሥራ አይደለም፤ ወረቀት ላይ አሠሪው ፓርቲው ነው። ስለዚህ ዕጩው «እኔ ቀጣሪዋ አይደለሁም» ሊል ይችላል። መልሱ በሥራው እውነታ ውስጥ ይገኛል፤ ማን ሥራ ያዛታል፣ ማን ያሰናብታታል፣ ማን ሲናገር ፓርቲው ይሰማል?

የፍቅር ግንኙነት ላይ ብቻ ማተኮር ግን የእኛን ሁኔታ ከግማሽ በላይ ይስታል ብዬ አምናለሁ። በጎንደር አንድ ዕጩ ቢሮ ሲከፍት የመጀመሪያው ሠራተኛ የአበልጁ ልጅ፣ ሁለተኛው የባለቤቱ ወንድም፣ ሾፌሩም የአገሩ ልጅ ቢሆን ማንም ጥፋት አያይበትም፤ እንዲያውም ዘመዱን ያልቀጠረ ሰው ነው የሚታማው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ነን። ነገር ግን ከላይ ያየናቸው ጥያቄዎች እዚህም ሳይቀነሱ ይሠራሉ። የባለቤቱ ወንድም ስንት ይከፈለዋል? ሒሳብ ያዡ የእርሱን ደረሰኝ ይመልሳል ወይ? ቢያጠፋ ማን ያባርረዋል? ልዩነቱ አንድ ነው፤ ዘመድ ቢባረር ቤተሰብ ይጣላል፣ ፍቅረኛ ብትባረር ግን የሚጮኽላት የለም።

በሽምግልና ስለ መጨረስም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ነውና። ሽማግሌ ትዳር ያስታርቃል፣ ቤት ያድናል፣ ገበና ይሸፍናል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ባልና ሚስት ፊት ለፊት ይቀርባሉ፣ ሠራተኛዋ ግን አትጠራም። የዕርቁ ዋጋ ብዙ ጊዜ የእርሷ ከቢሮው መራቅ ነው፤ ደመወዟ እስከ ምርጫው ቀን ይከፈላት አይከፈላት የሚጠይቅ የለም። ሽምግልናው ጥሩ ቢሆንም የተፈታው የቤቱ ችግር እንጂ የቢሮው አይደለም።

«ሰው እንዳይዋደድ በደንብ መከልከል አይቻልም» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። አብረው የሠሩ ሰዎች ይዋደዳሉ፣ ይጋባሉም፤ በዘመቻ ተዋውቀው ጥሩ ትዳር የመሠረቱ ሰዎች በየአገሩ አሉ። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ለሁሉም ሰጥቷል፤ ፖለቲከኛ ከዚህ አልተገለለም። በኬቲ ሂል ጉዳይ የእርሷ የግል ፎቶግራፎች ያለ ፈቃዷ ታትመው መሰራጨታቸው ከግንኙነቱ የተለየ ራሱን የቻለ በደል ነበር፤ የሥነ ምግባር ጥያቄ ማንሣት የሰውን ገመና ለመበርበር ፈቃድ አይሰጥም። ሆኖም በአንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ተመራጭም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ተጽፏል። ሁለቱን የሚለየው መስመር፣ በእኔ እምነት፣ የሚያልፈው በፔሮሉ ላይ ነው። ዕጩው ከማይቀጥራት፣ ከማያዛት፣ ከሕዝብ መዋጮ ከማይከፍላት ሴት ጋር ያለው ነገር የእርሱና የቤቱ ነው። ስሟ ፔሮሉ ላይ ካለ ግን ገንዘቡን ያዋጣው ሰው የመጠየቅ መብት አለው፤ የሚጠይቀውም ስለ ፍቅሩ ሳይሆን ስለ ክፍያውና ስለ ሥልጣኑ ነው።

እንግዲያው በምሳሌያችን ያሉት ሁለቱ ሰዎች ምን ቢያደርጉ ይሻላል? ከሁለቱ አንዱ ይቋረጥ፤ ወይ ግንኙነቱ ወይ የአዛዥና ታዛዥነቱ መስመር። ዕጩው ጉዳዩን ከእርሱ በታች ላልሆነ ሰው፣ ለምሳሌ ለፓርቲው የቅርንጫፍ ጸሐፊ፣ ሳይውል ሳያድር ያሳውቅ፤ ለቢሮው በሙሉ ማወጅ አያስፈልግም። ከዚያ ወዲያ ደመወዟን፣ አበሏን፣ የሥራ ምዘናዋንና ስንብቷን በሚመለከት አንድም ወረቀት አይፈርም። እርሷን ወደ ሌላ የፓርቲው ሥራ ማዛወር የሚቻል ከሆነ ደመወዟም ሆነ የሥራ ደረጃዋ ሳይቀነስ ይሁን፤ መዛወሩም የእርሷ ምርጫ ይሁን። ብዙ ደንቦች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፣ ዕጩውን ማንቀሳቀስ ስለማይቻል ሁልጊዜ የምትነሣው ትንሿ ሠራተኛ ትሆናለች። ግንኙነቱ ቢያበቃ ደግሞ ቢያንስ እስከ ምርጫው ማግስት ድረስ እርሷን ከሥራ ማሰናበት የሚቻለው ፓርቲው ጉዳዩን አይቶ ሲወስን ብቻ እንዲሆን አስቀድሞ ቢጻፍ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ዋስትና ይህ ነው። ይህን ሁሉ ለማድረግ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ አንድ ገጽ የፓርቲ መመሪያና እርሱን የሚያስፈጽም ዕጩውን የማይፈራ አንድ ሰው ይበቃል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ብርቅ መሆኑን አልክድም።

ዕጩው ቢያሸንፍና እርሷን በተመራጭነቱ ወይም በሹመቱ ቢሮ ሊያስቀጥራት ቢፈልግ መለኪያው ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ደመወዙ የግብር ከፋዩ ነው፤ ስለ ሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ የወጣው አዋጅ ቁጥር 668/2002 ተሿሚዎችና ተመራጮች የጥቅም ግጭትን እንዲያሳውቁ ስለሚጠይቅ፣ በዘመቻ ቢሮው ዝም የተባለው ነገር እዚህ ዝም ሊባል አይገባውም።

ቢሸነፍ ደግሞ ነገሩ አጭር ነው። ፖስተሩ ከግድግዳ ይነሣል፣ ሞንታርቦው ለባለቤቱ ይመለሳል፣ ሁለቱ ክፍሎች ለአከራዩ ይለቀቃሉ። መርሐ ግብር ያዧ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ትጠይቃለች፤ አሠሪ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደመወዙን መጠን ጽፎ በነጻ የመስጠት ግዴታ አለበት። ደብዳቤውን የፓርቲው ጸሐፊ ከፈረመው ሦስት ወር መሥራቷን የሚያሳይ ወረቀት ይሆንላታል። ዕጩው ከፈረመው ግን፣ ነገ ሥራ የምትጠይቅበት መሥሪያ ቤት ስለ እርሷ ለማጣራት ስልክ ሲያነሣ የሚደውለው ለእርሱ ነው።